ትልልቁ ዓሣ ደህና ነው፣ ጫጩቱ ግን አለቀ፦ ስለ ፀረ ተባይ ኬሚካል ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ተሁለደሬ ውስጥ ተደራጅተን የዓሣ ኩሬ ቆፍረናል። ስፋቱ 10 ሜትር በ20 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ያህል ነው። ውሃ የምንጠልፈው ከመስኖ ቦይ ነው። የቆሮሶ (ቲላፒያ) ጫጩት ጨምረን ደህና እያደገ ነበር። ከላያችን የሽንኩርት ማሳ አለ። በቅርቡ እዚያ ኬሚካል ተረጨ። በማግስቱ ሌሊት የበልግ ዝናብ ጣለ። ጠዋት ስንነሳ ጫጩቶቹ እየተሽከረከሩ ይሞታሉ፤ ትልልቆቹ ግን ደህና ናቸው። ባለማሳው ‹ኬሚካሉ ቢሆን ኖሮ ትልቁም ይሞት ነበር› ይለናል። እውነቱን ነው? የተረፈውንስ መብላትና መሸጥ እንችላለን?»

ምላሽ፦ ሰላም ወንድሞቼ። የደረሰባችሁ ያሳዝናል፤ ድካማችሁ ይገባኛል። ቀጥታ ወደ መልሱ ልግባ። ባለማሳው የነገራችሁ ልክ አይደለም። እንዲያውም ነገሩ ተቃራኒ ነው። ጫጩቱ አልቆ ትልቁ መትረፉ ኬሚካል እንድጠረጥር ከሚያደርጉኝ ምልክቶች አንዱ ነው።

ኩሬ ውስጥ ዓሣ በድንገት ሲሞት ሁለት ነገር ቀድሞ ይታሰባል። አንዱ የኦክስጅን ማነስ ነው። ኦክስጅን ሲያልቅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ትልቁ ነው። ትልቅ ዓሣ ብዙ አየር ይፈልጋል። ትንሹ ከውሃው ገጽ ላይ ያለችውን ቀጭን አየር ያላት ውሃ እየሳበ ሊቆይ ይችላል። ጊዜውም ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ከላይ ተንሳፍፈው ታገኟቸዋላችሁ። እየተሽከረከሩ አይሞቱም። በነፍሳት መግደያ ሲሆን ግን ትንሹ ይቀድማል፣ አዋዋኙ ይበላሻል፣ አብረውት የውሃ ነፍሳትም ያልቃሉ። እናንተ የጻፋችሁት ሁለተኛውን ይመስላል። መርጨቱና ዝናቡ ተከታትለው መምጣታቸው ደግሞ ነገሩን ያጠናክረዋል።

የማረጋገጫ መንገድ ልንገራችሁ፤ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። በሕይወት ያለ ጫጩት ከኩሬው ውሃ ጋር በብርጭቆ ቅዱና ወደ ፀሐይ ያዙት። ብርጭቆውን በጣታችሁ ጥፍር መታ አድርጉት። ጤነኛ ጫጩት ወዲያው ይፈረጥጣል። የተመረዘው ወይ ዘግይቶ ይንቀሳቀሳል፣ ወይ በጎኑ ተጋድሞ ይዞራል፣ ወይ ይንቀጠቀጣል። ከስንጥቡ ኋላ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ክንፎች እዩ። ወደ ፊት ተወጥረው ደርቀው ከሆነ ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው የኬሚካል ወገን ነው ብላችሁ መጠርጠር ትችላላችሁ። ጀርባውንም ልብ በሉ፤ አከርካሪው ሊጎብጥ ይችላል። ከዚያ ውሃውን ራሱን ተመልከቱ። ጤነኛ የኩሬ ውሃ ውስጥ ነጥብ የሚያህሉ ነገሮች ዘለል ዘለል ሲሉ ይታያሉ። የውሃ ቁንጫና ዘመዶቹ ናቸው። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ አንድም የሚንቀሳቀስ ነጥብ ከሌለ ምልክቱ መጥፎ ነው።

አሁን ትንሹ ለምን እንደሚቀድም። አብዛኛው የነፍሳት መግደያ የሚሠራው ነርቭ ላይ ነው። የዓሣም ሆነ ትሪፕስ የሚባለው የሽንኩርት ተባይ ነርቭ መሠረታዊ አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። እንደ ማላታይን፣ ዲያዚኖንና ዳይሜቶየት ያሉት ኦርጋኖፎስፌቶች አሴቲልኮሊኔስቴሬዝ የሚባል ኢንዛይም ያግዳሉ። ይህ ኢንዛይም ከነርቭ የመጣን ትእዛዝ የሚያጠፋ ነው። ሲታገድ ትእዛዙ አይቆምም። ጡንቻው መኮማተሩን ይቀጥላል፣ ዓሣው ይንቀጠቀጣል፣ መጨረሻ ላይ መተንፈስ ያቅተዋል። ገበሬው «ካራቴ» የሚለው ላምብዳ-ሳይሃሎትሪን፣ እንዲሁም ዴልታሜትሪንና ሳይፐርሜትሪን ደግሞ ፓይረትሮይድ ከሚባለው ወገን ናቸው። እነሱ የነርቭን የሶዲየም በር ከፍተው ይይዙታል። እኛና ከብቶቻችን ፓይረትሮይድን በጉበታችን ቶሎ ሰባብረን እናስወጣዋለን። ዓሣ ይህ አቅሙ ደካማ ነው። ለሰው «ለስላሳ ነው» የሚባለው ኬሚካል ለዓሣ እጅግ ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ምን ያህል ከባድ? እስኪ አብረን እናስላ። 5 በመቶ ላምብዳ-ሳይሃሎትሪን ያለው ኬሚካል 1 ሊትሩ ውስጥ 50 ግራም መርዝ አለ። 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ክዳን ያህል፣ ግማሽ ግራም ይይዛል። ግማሽ ግራም 500,000 ማይክሮግራም ነው። በቤተ ሙከራ ብሉጊል የሚባለውን ዓሣ በ4 ቀን ውስጥ ግማሹን የሚገድለው በ1 ሊትር ውሃ 0.21 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ያቺ ክዳን 2 ሚሊዮን ተኩል ሊትር ገደማ ውሃ እዚያ መጠን ላይ ታደርሳለች። 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ፣ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ ማለት ነው። ቆሮሶ ከብሉጊል ጠንከር ያለ ነው እንበል። 10 እጥፍ ይቻል እንበል። ያኔም ክዳኗ 250 ሜትር ኩብ ትሸፍናለች። የእናንተ ኩሬ 200 ሜትር ኩብ ነው።

እርግጥ ይህ ስሌት ኬሚካሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ቢቀር ነው። ፓይረትሮይድ ጭቃ ላይ ይጣበቃል፤ ስለዚህ በእውነተኛ ኩሬ ጉዳቱ ከስሌቱ ያንሳል። ግን ዝናቡ የሚያመጣው ያንኑ ጭቃ ነው። ደፍርሶ የሚገባ የመጀመሪያ ጎርፍ ኬሚካሉን ተሸክሞ ይመጣል። ስለዚህ ክረምትም ሆነ በልግ፣ ከደረቅ ጊዜ በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ውሃ እኔ አላምነውም።

ጫጩት ጋ ስንመጣ አራት ነገር ይከፋበታል። ሰውነቱ ትንሽ ስለሆነ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ውሃ የሚነካው ቆዳው ሰፊ ነው። ገና ስንጥቡ ሳይጠነክር በቆዳውም ጭምር ይተነፍሳል፤ ቆዳው ደግሞ ስስ ነው። መርዝ የሚሰባብሩት የጉበት ኢንዛይሞች ገና አልበረቱም። ጥቂት ቀን ቢራብ የሚያቆየው ስብም የለውም። እንቁላሉ ብቻ ቅርፊቱ በመጠኑ ይከልለዋል። ከተፈለፈለ በኋላ ያለው ጊዜ፣ የአስኳል ከረጢቱን ጨርሶ ምግብ ፍለጋ መዋኘት እስኪጀምር፣ ከሁሉ የከፋው ነው። በዚያ ወቅት የተመረዘ ጫጩት ብዙ ጊዜ ልቡ አካባቢ ውሃ ይቋጥራል፣ ከረጢቱም ያብጣል። ዓይናችሁ ጥሩ ከሆነ በብርጭቆው ውስጥ ታዩታላችሁ።

ቆሮሶ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ነው የምታቅፈው። ከተፈለፈለም በኋላ ጫጩቶቹ ራሳቸውን ችለው እስኪዋኙ በአፏ ትይዛቸዋለች፤ በጥቅሉ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሆናል። በምትተነፍስ ቁጥር ውሃው በእንቁላሎቹ ላይ ያልፋል። ለኦክስጅን መልካም ነው፤ ውሃው ከተበከለ ግን መርዙን የምታጠጣቸው ራሷ ትሆናለች። አቅፋ እያለች ከተጨነቀች ደግሞ ትተፋቸዋለች። ኩሬያችሁ ውስጥ ትልልቆቹ መራባት ከጀመሩ ይህን አስቡ። እናቲቱን ደህና ሆና አይታችሁ ምንም አልተፈጠረም ልትሉ ትችላላችሁ፤ የዘንድሮው ልጅ ግን ላይኖር ይችላል።

እስካሁን ያወራሁት ስለሞተው ነው። የበለጠ የሚያሳስበኝ ያልሞተው ነው።

ከሚገድለው በታች ያለ መጠን ጫጩቱን ሌላ ዓሣ ያደርገዋል። ፍጥነቱ ይቀንሳል። ምግቡን አይቶ ይስታል። ስንጥቡ ያብጣል፤ እነዚያ ቀጫጭን ቅጠሎቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ በዚህም ኦክስጅን ትንሽ ሲያንስ ቶሎ ይታፈናል። በሽታ የመከላከል አቅሙ ይወርዳል። ከወር በኋላ በፈንገስ ሲሞት «ፈንገስ ገደለው» እንላለን። ኢንዛይሙ በኦርጋኖፎስፌት ከታገደ ውሃው ከጠራ በኋላ እንኳ ወደ ቦታው ለመመለስ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። በዚያ መሃል ሁለተኛ ርጭት ከመጣ በድካሙ ላይ ነው የሚደርስበት።

ማሽተትም ይጎዳል። ዓሣ አዳኝ መምጣቱን ከሚያውቅባቸው መንገዶች አንዱ ሽታ ነው። የተጎዳ ዓሣ ቆዳ ወደ ውሃው የሚለቀውን ሽታ ሌሎቹ ሲያሸቱ ቀጥ ብለው ይደበቃሉ። አሜሪካ ውስጥ በሳልሞን ጫጩት ላይ በተሠራ ሙከራ በሊትር 1 ማይክሮግራም ዲያዚኖን ይህን ምላሽ በግልጽ ቀንሶታል። ጫጩቶቹ ሽታው መጥቶም መዋኘታቸውንና መብላታቸውን ቀጠሉ። አልሞቱም፤ አልታመሙም የሚመስሉ ነበሩ። ሐይቅ ዳር ላይ ግን ወፉና አምባዛው ይጠብቋቸዋል። በመርዝ የሞተ ሬሳ አይገኝም፣ ግን ጫጩቱ የለም።

ድብልቅ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። በ2009 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ይፋ የሆነ የሳልሞን ጫጩት ጥናት፣ ለየብቻቸው የማይገድሉ የማላታይንና የዲያዚኖን መጠኖች ሲደባለቁ መግደላቸውን አሳይቷል። ይህን የምነግራችሁ ምክንያት አለኝ። የሽንኩርት ትሪፕስ አልሞት ሲል ሁለትና ሦስት ኬሚካል አንድ ፓምፕ ውስጥ ቀላቅሎ መርጨት በመስኖ አካባቢ የተለመደ ሆኗል። ትሪፕሱ ይለማመዳል፣ መጠኑ ይጨምራል፣ ቦዩ ደግሞ ሁሉንም ሰብስቦ ያመጣዋል።

ምግቡንም አትርሱ። የውሃ ቁንጫና መሰሎቹ ከዓሣ ይልቅ ለነፍሳት የቀረበ ዝምድና አላቸው። ስለዚህ ዓሣውን በማይነካ መጠን እነሱ ያልቃሉ። ጫጩት የመጀመሪያ ሳምንታቱን የሚያድገው በእነሱ ነው። መርዙን አልፎ በረሃብ የሚሞት አለ።

የእናንተ ኩሬ ትንሽ ናት፤ ጉዳዩ ግን ከኩሬዋ በላይ ነው። ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቃችን ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም። ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚመጣው፣ ከየማሳው የሚታጠበው፣ ሁሉም እዚያው ይገባል፤ ውሃው ይተናል፣ ሌላው ይቀራል። ቆሮሶ ለዚህ ሐይቅ እንግዳ ነበር፤ በአውሮፓውያኑ 1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው የተጨመረው። ዛሬ ግን የስንቱ አሣ አጥማጅ እንጀራ ሆኗል። ሐይቁ ጥልቅ ነው፤ ከ80 ሜትር በላይ የሚወርድ ቦታ አለው። ሰው «ይህ ሁሉ ውሃ ያጥበዋል» ይላል። ጫጩት ግን ጥልቁ ላይ አይኖርም። ዳር ላይ፣ ሣሩ ሥር፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ነው የሚያድገው። ቦዩ የሚገባውም፣ ፓምፕ የሚታጠበውም እዚያው ነው። አምባዛም በዝናብ ጊዜ ጎርፍ ወዳጠለቀለቀው ሣር ወጥቶ ነው እንቁላሉን የሚጥለው። የኬሚካሉ ጎርፍና የጫጩቱ ወቅት ይገጣጠማሉ።

የሐይቁ ውሃ አልካላይን መሆኑ፣ ማለትም ፒኤች የሚባለው መለኪያው ከ7 በላይ መሆኑ፣ በመጠኑ ይረዳል። ማላታይን ፒኤች 7 በሆነ ውሃ ግማሹ እስኪፈርስ 6 ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ ፒኤች 9 ላይ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ዳይሜቶየት ፒኤች 9 ላይ 4 ቀን ገደማ፣ ፒኤች 7 ላይ ግን ከ2 ወር በላይ ይቆያል። ዲዲቲ ሌላ ታሪክ ነው፤ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፣ በስብም ይከማቻል። ጫት ላይ ዲዲቲ የሚረጭ ሰው ካለ ለሚቅመውም ለዓሣውም የሚከፋ ነገር ነው የሚሠራው። ኢትዮጵያ ይህን መርዝ የሚገድበውን የስቶክሆልም ስምምነት ተቀብላለች።

አሁን ምን ታድርጉ? መጀመሪያ የውሃ መግቢያውን ዝጉ። የሞቱትን በባዶ እጅ አትንኩ። ለውሻም ለዶሮም አትስጡ፤ ከውሃ ርቃችሁ ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩ። ማስረጃ ከፈለጋችሁ ዛሬውኑ ነው፣ ነገ አይደለም። በንጹሕ የመስታወት ጠርሙስ ውሃውን አፍ እስከ ገደፉ ሞልታችሁ ከብርሃን ሰውራችሁ በበረዶ አስቀምጡ። አዲስ የሞቱትን ጫጩቶች በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልላችሁ አቀዝቅዙ። ፕላስቲክ አትጠቀሙ፤ ኬሚካሉን ይመጥጣል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን እንደተረጨና መቼ እንደዘነበ ጻፉ። ከዚያ በወረዳው የዓሣ ባለሙያ በኩል ወደ ላቦራቶሪ እንዲሄድ ጠይቁ። አንጎሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ምን ያህል እንደሚሠራ ሲለካ ኦርጋኖፎስፌት ስለመሆኑ ጠንካራ ፍንጭ ይገኛል።

ስለ መብላት፦ የሞተውንና እየተንቀጠቀጠ ያለውን በምንም መልኩ አትብሉ፣ አትሽጡም። ደህና የሚመስሉትን ትልልቆቹንም አሁን አታውጡ። ንጹሕ ውሃ ካገኙ ኦርጋኖፎስፌትና ፓይረትሮይድ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ አብዛኛው ከሰውነታቸው ይወጣል። እኔ ብሆን አንድ ወር እጠብቃለሁ፤ ከዚያም የሆድ ዕቃውንና ስቡን አስወግጄ ነው የምበላው። የተረጨው ዲዲቲ ከሆነ ግን አንድ ወር አይበቃም፤ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይመጣ አትሽጡ። የቦዩን ውሃ ልጆችና ከብቶች እንዳይጠጡትም ተጠንቀቁ።

ከባለማሳው ጋር አትጣሉ። ቡና ላይ ተቀምጣችሁ የኬሚካሉን ጠርሙስ እንዲያመጣ ጠይቁት። ብዙዎቹ ላይ የሞተ ዓሣና የደረቀ ዛፍ ሥዕል አለ። ሥዕሉን አብራችሁ እዩት፤ ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ ያ ይናገራል። የምትጠይቁት ብዙ አይደለም። ከመርጨቱ በፊት ይንገራችሁ፣ እናንተ መግቢያውን ትዘጋላችሁ። ሰማዩ ከጠቆረ አይርጭ፤ ኬሚካሉ ታጥቦ ሲሄድ እሱም ገንዘቡን ነው የሚከስረው። ፓምፑን ቦይ ውስጥ አይጠብ፤ እጣቢውን እዚያው ማሳው ላይ ይርጨው። እኔ ባየሁት ብዙ ቦታ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ርጭቱ ሳይሆን ማታ ላይ ቦይ ዳር የሚታጠበው ፓምፕና የሚጣለው ጠርሙስ ነው። በማሳውና በቦዩ መሃል ደግሞ ደሾ ወይም ቬቲቨር ሣር ብትተክሉ ጭቃውን ይይዛል፣ ለከብትም መኖ ይሆናል። ሣሩን እናንተው ትከሉለት። እሺ ለማለት ይቀለዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ጫጩት ለመያዝም ሆነ ለመከለል የወባ አጎበር አትጠቀሙ። አጎበሩ የተነከረው በዚያው በፓይረትሮይድ ነው። አዲስ አጎበር ወንዝ ወይም ሐይቅ ዳር ማጠብም ያው ነው። ኬሚካል ያልነካው ስስ ጨርቅ ፈልጉ።

እንደገና ጫጩት ከማስገባታችሁ በፊት ኩሬውን አፍስሱት፣ የላይኛውን ጭቃ ጥረጉት፣ በፀሐይ ይድረቅ። ያፈሰሳችሁት ውሃ ወደ ወንዙም ወደ ሐይቁም እንዳይሄድ፤ ሣር ያለበት መሬት ላይ ልቀቁት። ትልልቆቹን እስከዚያ ከምንጭ ወይም ከጉድጓድ በተቀዳ ውሃ አቆዩ። ከመግቢያው በፊት ትንሽ የማረፊያ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ውሃው ጭቃውን እዚያ ጥሎ ሁለት ሦስት ቀን ያርፍና ይግባ። ኩሬው ሲሞላ 10 ጫጩት ብቻ በስስ ጨርቅ ቅርጫት ውስጥ አድርጋችሁ ለ4 ቀን አቆዩ። ሁሉም ካሉ፣ ብርጭቆ ውስጥ ስታደርጓቸውም ጥፍር ሲሰሙ ከፈረጠጡ፣ የቀረውን አስገቡ። አንዱ እንኳ ከተጋደመ ውሃውን ለውጡና ሙከራውን ድገሙት። ከላያችሁ ያለው ሽንኩርት ሳይነቀል ግን አትቸኩሉ። ሽንኩርት በአንድ ወቅት ደጋግሞ ይረጫል፤ የሚቀጥለው ርጭት መቼ እንደሆነ ባለማሳው ሳይነግራችሁ ጫጩት አትግዙ።